እያንዳንዱ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ አንድ ትንሽ ጣቢያ አለ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኤሌክትሮኒክስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከተለያየ ሰፈር የመጡ ቢሆኑም ሁሉም የሚያጠነጥኑት በፍሪኩዌንሲ መለወጫ ሰርኪዩት ላይ ነው። ወደ መልሶቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ሬዲዮ አንቴናው ላይ የደረሰውን ጣቢያ እንዳለ አያጎላውም። ውስጡ ያለው ኦሲሌተር የራሱን ሞገድ ያመነጫል፤ ሚክሰሩ ሁለቱን ሲያገናኛቸው ድምራቸውና ልዩነታቸው ይወጣል፤ ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ ብቻ በማጣሪያ አልፎ ይጎላል። ይህን ልዩነት ጠጋኞች አይኤፍ ይሉታል። በኤኤም ሬዲዮ አብዛኛውን ጊዜ 455 ኪሎኸርዝ፣ በኤፍኤም ደግሞ 10.7 ሜጋኸርዝ ነው። ኤድዊን አርምስትሮንግ ዘዴውን በ1918 (እ.ኤ.አ.) ካወጣው ወዲህ ሒሳቡ ያው መደመርና መቀነስ ነው። ከታች ያሉት ብልሽቶች ግማሾቹ በእርሳስና በወረቀት ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ ቸርችል ጎዳና ላይ የባህል ዕቃ ሱቅ አለኝ። ሬዲዮዬ ቀኑን ሙሉ 107.8 ላይ ነው። በስስ ግድግዳ የምንዋሰነው ፀጉር ቤት 97.1 ሲከፍት የእኔ ሬዲዮ ይታፈናል፤ ዝም ይላል፣ አንዳንዴም ይንጫጫል። 102.1 ሲያደርጉት ደኅና ይሆናል። ጣቢያዎቹ እርስ በርስ ይረባበሻሉ እንዴ?

መልስ፦ ጣቢያዎቹ ምንም አላጠፉም። የተጣሉት ሁለቱ ሬዲዮዎች ናቸው። ተራ ኤፍኤም ሬዲዮ ኦሲሌተሩ ከሚያሰማው ጣቢያ በ10.7 ሜጋኸርዝ ከፍ ብሎ ነው የሚሠራው። 97.1 ላይ 10.7 ይደምሩበት፤ 107.8 ይመጣል። የጎረቤትዎ ሬዲዮ ኤፍኤም አዲስን እያሰማ በዚያው ቅጽበት ልክ በኢትዮ ኤፍኤም ቦታ ላይ ድምፅ አልባ ሞገድ እየለቀቀ ነው ማለት ነው። ኃይሉ ኢምንት ነው። ግን የእርስዎ አንቴና ከዚያ ሬዲዮ የሚርቀው በሁለት ክንድ ሲሆን ከማሰራጫው የሚርቀው በኪሎሜትሮች ነው። ኤፍኤም ሬዲዮ ደግሞ በአንድ ቦታ ሁለት ሞገድ ሲያገኘው የበረታውን ይዞ ደካማውን ይጥላል። የበረታው ሞገድ ምንም ድምፅ ስለሌለው ሬዲዮዎ "ዝም" የሚል ጣቢያ ያሰማዎታል። የሁለቱ ጉልበት ሲቀራረብ ነው የሚንጫጫው።

ለማረጋገጥ ጎረቤትዎን ሁለት ነገር ያስሞክሯቸው። መጀመሪያ ድምፁን ብቻ እስከ ዜሮ ይቀንሱ፤ የእርስዎ ሬዲዮ እንደታፈነ ይቀራል፤ ኦሲሌተሩ ስለ ድምፁ አያውቅምና። ቀጥሎ ሬዲዮውን ሳያጠፉ ወደ ኤኤም ያዙሩት፤ የኤፍኤሙ ኦሲሌተር ስለሚቆም የእርስዎ ወዲያው ይከፈታል። ሁለቱም እንዲህ ከሆኑ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

መፍትሔው ርካሽ ነው። መሐል አዲስ አበባ ላይ 97.1 በደንብ ስለሚገባ ፀጉር ቤቱ አንቴናውን እስከ መጨረሻው መዘርጋት የለበትም፤ አጥፎ ግማሹን ያድርገው። አንቴናው ባጠረ ቁጥር የሚያፈሰውም ይቀንሳል። የእርስዎን ሬዲዮ ከጋራው ግድግዳ አንሥተው መስኮት ጋ ያስቀምጡ፤ የእሳቸው አንቴና ቆሞ ከሆነ የእርስዎን አጋድሙት። በዚህ ካልተላቀቀ የፀጉር ቤቱን ሬዲዮ በዲጂታል ቺፕ በሚሠራ ሬዲዮ መለወጥ ነው። የእነዚህ ቺፖች አይኤፍ በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ለምሳሌ ቲኢኤ5767 የሚጠቀመው 225 ኪሎኸርዝ ብቻ ስለሆነ ኦሲሌተሩ ከራሱ ጣቢያ አጠገብ ይቆማል እንጂ 107.8 ድረስ አይደርስም።

102.1 ሲከፈት ለምን ይድናል ላሉት፣ 102.1 ሲደመር 10.7 የሚሰጠው 112.8 ነው፤ ከኤፍኤም መስመር ወጣ። ያ ቦታ ግን ባዶ አይደለም፤ ከ108 እስከ 118 ሜጋኸርዝ ድረስ አውሮፕላኖች መንገዳቸውን የሚይዙበት ነው። አውሮፕላን ውስጥ ኤፍኤም ሬዲዮ አትክፈቱ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ከጃፓን የመጣ ቪትዝ ገዛሁ። ቴፑ የሚያሳየው ከ76 እስከ 90 ብቻ ነው። ሶማሌ ተራ "ኤክስፓንደር" የሚባል ትንሽ ሣጥን ገዝቼ አስገጠምኩ። ሸገር በደንብ ይገባል፤ 107.8 ግን ሹሹታ አለበት፤ ከ94 በታች ያሉት ጨርሶ የሉም። ሣጥኑን ልለውጥ ወይስ የቴፑን ኮይል (የሽቦ ጥቅልል) የሚያስተካክል ባለሙያ ልፈልግ? ከካዛንቺስ።

መልስ፦ ኮይሉን አያስነኩ። በድሮዎቹ መርፌ ሬዲዮዎች ኮይሉን ሳብ ሳብ አድርጎ ጣቢያን ማንቀሳቀስ ይቻል ነበር። የእርስዎ ቴፕ ቁጥር የሚያሳይ ነው፤ ኦሲሌተሩን የሚያዘው ውስጡ የተጻፈው ፕሮግራም ነው። ኮይሉን ሲነኩት ሰርኪዩቱ በቮልቴጅ እየጎተተ ወደዚያው ቁጥር ይመልሰዋል፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ደግሞ መቆለፍ ያቅተውና ያ ጣቢያም ይጠፋል።

ጃፓን ውስጥ ኤፍኤም ለብዙ ዓመታት ከ76 እስከ 90 ነበር፤ ከ90 እስከ 108 ያለው በአናሎግ ቴሌቪዥን ቻናሎች የተያዘ ነበር። ቴሌቪዥኑ ወደ ዲጂታል ከዞረ ወዲህ ኤፍኤሙ እስከ 95 ተዘርግቷል። ስለዚህ መኪናው አዲስ ከሆነ ቴፑ እስከ 95 ይሄድ እንደሆነ መጀመሪያ ይዩ፤ ምርጫዎን ይለውጠዋል።

ሣጥኑ ውስጥ ያለው አንድ ክሪስታል (የኦሲሌተሩን ቁጥር የሚወስን ቁራጭ)፣ አንድ ኦሲሌተርና አንድ ሚክሰር ነው። ከአንቴና የመጣው ሁሉ ላይ የክሪስታሉን ቁጥር ይቀንሳል። የእርስዎ ስንት እንደሚቀንስ ለማወቅ መክፈት አያስፈልግም፤ ሸገር 102.1 ቴፑ ላይ ስንት ቁጥር ላይ ገባ? 84.1 ከሆነ ሣጥኑ የሚቀንሰው 18 ነው። ከጻፉልን ምልክት ተነሥተን የእርስዎ ይኸው ባለ 18 ሳይሆን አይቀርም እንላለን። በባለ 18 ኤፍኤም አዲስ 79.1፣ ፋና 80.1፣ ብስራት 83.1፣ አፍሮ 87.3 ላይ ይገባሉ። አሐዱ 94.3 ጠርዙ ላይ 76.3 ይሆናል። ከ94 በታች ያለው ሁሉ ከ76 በታች ስለሚወርድ ቴፑ አያየውም። የሣጥኑ ብልሽት አይደለም፤ የቴፑ ስፋት 14 ሜጋኸርዝ፣ የእኛ ኤፍኤም ደግሞ ከ87.5 እስከ 108 ድረስ 20.5 ሜጋኸርዝ ነው። ሁሉንም የሚያስገባ ሣጥን ማንም ሊሸጥልዎ አይችልም። እንሸጣለን የሚሉ አሉ፤ አይመኗቸው።

የ107.8 ሹሹታ ሌላ ነገር ነው። 18 ሲቀነስለት 89.8 ላይ ያርፋል። የክሪስታል ኦሲሌተር ደግሞ ከራሱ ቁጥር ሌላ ብዜቶቹንም ያወጣል፤ 18 በ5 ሲባዛ 90.0 ነው፤ ከጣቢያዎ በ0.2 ብቻ ይርቃል። ቴፑ ይህን አጎራባች ሞገድ ሙሉ በሙሉ መግፋት ሲያቅተው ሹሹታ ይሆናል። ከዚህም ሌላ በቀጥታ ከ87.5 እስከ 90 የሚሰራጭ ጠንካራ ጣቢያ ካለ ሳይለወጥ ሾልኮ እዚያው ቦታ ላይ ይደራረባል።

ለ107.8 የሚሳሱ ከሆነ ባለ 20 ሣጥን ይሻልዎታል። ከ96 እስከ ላይ ጫፍ ድረስ ያስገባል፤ 107.8 ወደ 87.8፣ ሸገር ወደ 82.1፣ ኤፍኤም አዲስ ወደ 77.1 ይመጣሉ፤ የክሪስታሉ ብዜት 80.0 ላይ ስለሚወድቅ የሚጎዳው 100.0 አካባቢ ያለውን ብቻ ነው። ግን አሐዱን ያጣሉ። ባለ 16 ተቃራኒው ነው፤ ከ92 እስከ 106 ይሰጥና 107.8ን ይነጥቃል። ቴፑ እስከ 95 የሚሄድ ከሆነ ባለ 13 ይፈልጉ፤ ከ89 እስከ 108 ድረስ ያለውን ሁሉ ማለት ይቻላል ያመጣል። ክሪስታሉን በካውያ ነቅሎ ሌላ መትከልም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ ቁጥሩ ግን ድፍን ይሁን። 18.432 የሚል ክሪስታል ከአሮጌ ቦርድ ላይ አግኝተው ቢተክሉ ሸገር 83.668 ላይ ያርፋል፤ ቴፑ በ0.1 ስለሚዘል ወይ 83.6 ወይ 83.7 ነው፤ "ሰ" እና "ሸ" በተነገረ ቁጥር ድምፁ ይሰነጠቃል።

አገጣጠሙንም ይፈትሹ። ቀዩ ሽቦ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኘው መስመር ላይ ይሁን፤ ቀጥታ ባትሪ ላይ ከታሰረ መኪናው ሳምንት ቆሞ ሲመለሱ ባትሪው ተጠብቶ ያገኙታል። ጥቁሩ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ በታየበት ቦታ በቡሎን ይታሰር። ሞተሩ ጋዝ ሲሰጠው አብሮ ከፍ የሚል ፉጨት ካለ ጥፋቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እዚህ ጥቁር ሽቦ ላይ ነው። አንቴናው መስታወት ላይ የተለጠፈ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ለአንቴና ማጉያው የምትሄደው ሽቦ ሳትቆረጥ መቀጠሏን ያረጋግጡ፤ ብዙ ገጣሚዎች እሷን ይረሷታል።

ጥያቄ፦ የኤፍኤም ሬዲዮ ማጣሪያ፣ ባለ ሦስት እግሯን፣ ለወጥኩ። የነበረችው ቀይ ነጥብ ነበረባት፤ ያገኘሁት ሰማያዊ ነው። ሠራ፤ ግን ድምፁ ሻክሯል። ነጥቡ ለውጥ አለው?

መልስ፦ አለው። ቀይ ነጥብ 10.70፣ ሰማያዊ 10.67፣ ብርቱካንማ 10.73፣ ጥቁር 10.64፣ ነጭ 10.76 ሜጋኸርዝ ነው። በመርፌ የሚዞር ሬዲዮ ቢሆን ኖሮ ጣትዎ ሳያውቀው ያስተካክለው ነበር። ቁጥር የሚያሳየው ግን ኦሲሌተሩን ልክ 10.70 ከፍ አድርጎ ስለሚያቆም ጣቢያው ከማጣሪያው መሐል በ30 ኪሎኸርዝ ይርቃል። ቀይ ፈልገው ይትከሉ። ቦርዱ ላይ ሁለት ማጣሪያዎች ካሉ ሁለቱም አንድ ቀለም ይሁኑ። ምን አለሽ ተራ ከተጣለ ቴፕ ላይ ነቅለው የሚያወጡት ከሆነ ለረጅም ጊዜ አያግሉት፤ እግር በእግር፣ ትንፋሽ እየሰጡ።

ጥያቄ፦ የአባቴ አሮጌ ትራንዚስተር ሬዲዮ በአዲስ ባትሪ ድንጋይ ጥሩ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመርፌው የታችኛው ጫፍ ዝም ይላል፤ ከመሐል ወደ ላይ ያሉት ግን ይሰማሉ። ላስተካክል ብዬ ቀዩን ኮይል በካቻቢቴ ነካካሁት፤ አሁን ደግሞ ሁሉም ጣቢያ ከቦታው ተነሥቷል። ከለገሃር።

መልስ፦ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ በዕድሜ የመጣ፣ ሌላው በካቻቢቴ። ከመጀመሪያው እንጀምር። በእነዚህ ሬዲዮዎች አንድ ትራንዚስተር ብቻውን ኦሲሌተርም ሚክሰርም ነው። መርፌው ወደ ታች ሲወርድ ተለዋዋጩ ካፓሲተር ይሞላል፤ ኮይሉ ላይ የሚገኘው ጉልበት ይቀንሳል፤ ኦሲሌተሩ ለመቀጠል ትራንዚስተሩ የበለጠ ማጉላት ይኖርበታል። ባትሪው ሲደክም መጀመሪያ የሚሞተው ለዚህ ነው የታችኛው ጫፍ። ላይኛው ጫፍ እየሠራ ስለሆነ ማጉያውና ድምፅ ማጉሊያው ደኅና ናቸው፤ እነሱን አይንኩ።

ኦሲሌተሩ የሞተበትን ቦታ በሌላ ኤኤም ሬዲዮ መያዝ ይቻላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የአባትዎን 873 ላይ፣ ሌላውን 455 ጨምረው 1328 አካባቢ ያድርጉ፤ ሁለተኛውን ቀስ ብለው ሲያዞሩ አንድ ቦታ ላይ ሹሹታው ጸጥ ይላል። ያ የአባትዎ ሬዲዮ ኦሲሌተር ነው። አሁን የአባትዎን ወደ 600 አውርደው ሌላውን ወደ 1055 ይከተሉት፤ ከዚያ 540 እና 995። ጸጥታው ድንገት የጠፋበት ቦታ ኦሲሌተሩ የቆመበት ነው።

ከዚያ ቴስተር ይዘው የባትሪውን ቮልት ሬዲዮው እየሠራ ይለኩ። አራት ድንጋይ 6 ቮልት መስጠት አለበት፤ ባዶውን 6 እያሳየ ሬዲዮው ሲከፈት ወደ 4 የሚወርድ ከሆነ መያዣው ላይ ያለው ዝገት ወይም የላላ ስፕሪንግ ነው፤ በአሸዋ ወረቀት ይፈተግ። ቮልቱ ካልወረደ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ዙሪያ ይመልከቱ፤ ከኤሚተሩ ወደ ቀዩ ኮይል የምትሄደው ካፓሲተር፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 ናኖፋራድ፣ አርጅታ ይሆናል፤ ዋጋዋ ከሻይ አይበልጥም፤ ሌላ ሳይመረምሩ ቢለውጧት አይጎዱም። የቤዝ ካፓሲተሯም እንዲሁ። ትራንዚስተሩ ራሱ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው።

አሁን ወደ ካቻቢቴው። የኮይሎቹ ቀለም ትርጉም አለው፤ ቀዩ የኦሲሌተር፣ ቢጫው የመጀመሪያ አይኤፍ፣ ነጩ የሁለተኛ፣ ጥቁሩ የመጨረሻ ነው። የነኩት ቀዩን ብቻ ከሆነ እግዜር ይመስገን ይበሉ፤ ቢጫና ነጩን ቢነኩ ሥራው ሌላ ነበር። የብረት ካቻቢቴ ኮይሉ ውስጥ ሲገባ ራሱ ፍሪኩዌንሲውን ስለሚለውጥ፣ አስተካክለው ሲያወጡት ተመልሶ ይዛባል። የወፍራም ስቴኪኒ ጫፍ ወይም የፕላስቲክ ሹራብ መርፌ በምላጭ ጠፍጥፈው ይጠቀሙ። ማዕከሉ ፌራይት ስለሆነ በኃይል ከዞረ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ አይወጣም።

ታች ጫፍ ላይ ቁጥሩን የሚያውቁትን ጣቢያ፣ 600 አካባቢ ያለ ቢሆን ይመረጣል፣ መርፌውን በትክክለኛው ቦታ አድርገው ጣቢያው እስኪገባ ቀዩን ያዙሩ። ከዚያ ላይኛው ጫፍ ላይ፣ 1400 አካባቢ፣ ቀዩን ሳይነኩ በተለዋዋጩ ካፓሲተር ጀርባ ያለችውን የኦሲሌተር ትሪመር (ትንሿን ማስተካከያ ካፓሲተር) ያዙሩ። አንዱ ሌላውን ስለሚያንቀሳቅስ ሁለቱን ሦስትና አራት ጊዜ ይመላለሱባቸው። ጣቢያዎቹ ቦታቸውን ሲይዙ ድምፁን ለማጉላት ታች ላይ የአንቴናውን ጥቅልል በፌራይት ዘንጉ ላይ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያንሸራቱ፤ ላይ ላይ የአንቴናውን ትሪመር ያዙሩ። ሲጨርሱ ጥቅልሉን በሻማ ጠብታ ያጣብቁት።

910 አካባቢ ያለ ጣቢያ ላይ የማይለቅ ፉጨት ቢሰሙ ደግሞ አይድከሙ። የ455 እጥፍ ስለሆነ የሬዲዮው የራሱ ድምፅ ነው፤ ሬዲዮውን ትንሽ ሲያዞሩት ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የአምስት ኪሎ ተማሪ ነኝ። የ40 ሜትር አማተር ባንድን (በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች የሚጠቀሙበትን)፣ ከ7.0 እስከ 7.2 ሜጋኸርዝ፣ ለመስማት በኤስኤ612 (ሚክሰርና ኦሲሌተር በአንድነት በያዘ ቺፕ) ሪሲቨር ሠራሁ። ኦሲሌተሩ ከ6.545 እስከ 6.745 ነው፤ ማጣሪያው የ455 ሴራሚክ ነው። ኃይሉ ከ9 ቮልት ባትሪ ነው። የመግቢያ ኮይሉ ከእግር 1 ወደ ግራውንድ ይሄዳል። አማተሮቹ ጭል ጭል ይላሉ፤ በላያቸው ላይ ግን የውጭ ጣቢያዎች ዜናና ሙዚቃ ይረባረባል።

መልስ፦ ስሌትህ ትክክል ነው፤ የመረጥከው ወገን ግን ተሳስቷል። ሚክሰሩ 455 ልዩነት ያለውን ሁሉ ይቀበላል፤ ከኦሲሌተሩ በላይ ይሁን በታች አይለይም። ኦሲሌተርህ 6.645 ላይ ሲሆን 7.1ን ታገኛለህ፤ 6.19ንም ታገኛለህ። 6.19 ደግሞ በዓለም ካሉት የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች መናኸሪያ በ49 ሜትር ባንድ ውስጥ ነው፤ ያ ባንድ ከ5.9 እስከ 6.2 ነው። የምትሰማው ዜና ከዚያ የሚመጣ ነው።

ኦሲሌተሩን ከላይ አድርገው፤ ከ7.455 እስከ 7.655። ያኔ የማይፈለገው ወገን ከ7.91 እስከ 8.11 ይሆናል፤ እዚያ የሬዲዮ ስርጭት ባንድ የለም። የኦሲሌተር ኮይልህ 30 ዙር ከነበረ ወደ 26 ዙር ቀንሰው፤ ቀሪውን በትሪመር ጨርስ። አንድ ነገር ግን ይገለበጣል። 40 ሜትር ላይ የሚነገረው በታችኛው ጎን (ከሞገዱ መሐል በታች ባለው ግማሽ) ነው፤ ኦሲሌተሩ ከላይ ሲሆን አይኤፉ ላይ የላይኛው ጎን ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የድምፅ ማውጫ ኦሲሌተርህን ወደ 453.5 ኪሎኸርዝ አውርደው፤ አለዚያ ንግግሩ የዳክዬ ጩኸት ይሆንብሃል።

ኮይሉ ከእግር 1 በቀጥታ ወደ ግራውንድ መሄዱ ለብቻው ቺፑን ግማሽ ገድሎታል። እግር 1 እና 2 ከውስጥ የራሳቸው ቮልት አላቸው፤ ከግራውንድ አንጻር ስትለካቸው ከ1 ቮልት በላይ ማሳየትና እኩል መሆን አለባቸው። የአንተ እግር 1 ዜሮ ነው የሚያሳየው። በኮይሉና በእግር 1 መካከል 10 ናኖፋራድ አስገባ፤ እግር 2ን ደግሞ በ100 ናኖፋራድ ወደ ግራውንድ አውርድ። ባትሪውም ይብሳል፤ ቺፑ የሚፈቀድለት ከ4.5 እስከ 8 ቮልት ነው፤ አዲስ ባለ 9 ባትሪ ደግሞ ከ9 በላይ ይሰጣል። 78ኤል06 (6 ቮልት የሚያወጣ ቮልቴጅ ማረጋጊያ) ትከልና በእያንዳንዱ ወገን 100 ናኖፋራድ ጨምርበት። ቺፑ የሚበላው 3 ሚሊአምፔር እንኳ አይሞላም፤ ከ5 በላይ ካየህ ቺፑ ተጎድቷል።

የሴራሚኩ ማጣሪያ ትክክል ነው። የቺፑ መውጫ 1.5 ኪሎኦም ነው፤ የ455 ማጣሪያዎችም ከ1.5 እስከ 2 ኪሎኦም ስለሆኑ ይስማማሉ፤ በመካከል ቀጥታ ቮልቱን የሚያግድ 10 ናኖፋራድ ብቻ ይበቃል። የ10.7 ማጣሪያ ብትጠቀም ግን 330 ኦም ስለሆነ በቀጥታ አይገናኝም።

ይህን ሁሉ አስተካክለህ ማታ ማታ አሁንም የሚረባረብብህ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ከ7.2 ጀምሮ እስከ 7.45 የስርጭት ጣቢያዎች አሉ፤ ከጎረቤትህ ናቸው፤ ኤስኤ612 ደግሞ ጠንካራ ሞገድን አይችልም፤ ተጨናንቆ ያልነበረ ነገር ራሱ ይፈጥራል። መግቢያው ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት የተቃኙ ኮይሎች አድርግና በ3.3 ፒኮፋራድ ብቻ አገናኛቸው። አንቴናው ላይ 1 ኪሎኦም ፖቴንሽዮሜትር ጨምር። ቀንሰኸው ሁሉም እኩል ከደከመ ጥሩ ነው፤ ረባሹ ከአማተሮቹ በበለጠ ፍጥነት ከጠፋ ግን ቺፑ ይጨናነቅ ነበር ማለት ነው። የኦሲሌተሩ ካፓሲተሮች ዜሮ ሙቀት የሚባሉት ሴራሚኮች ይሁኑ፤ ቡናማ ተራ ዲስኮች በአንድ ሰዓት ውስጥ ጣቢያውን ይዘው ይሄዳሉ። ግቢያችሁ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባለው የአማተር ክበብ ጣቢያ ስላለ፣ አንቴናህን የምትጠራጠር ከሆነ እዚያ ዘወር ብለህ ጠይቅ። ማዳመጡ ላይ ሳይሆን ማሰራጨቱ ላይ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አትርሳ።

ጥያቄ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ዲሹን አልነካሁትም፤ ልጆቹ ሪሲቨሩን ሪሴት ካደረጉት ወዲህ ሲግናል የለም። ኤል ኤን ቢው ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ ከመውጣትዎ በፊት ሜኑውን ይመልከቱ። ኤል ኤን ቢ ራሱ ፍሪኩዌንሲ መለወጫ ነው፤ ከሳተላይት የመጣውን በኬብል ሊወርድ ወደሚችል ቁጥር ይቀንሰዋል። የተለመደው ዩኒቨርሳል ዓይነት ሁለት ኦሲሌተር አለው፤ 9750 እና 10600። ሪሲቨሩ ላይ 11105 ሲሞሉ 9750 ተቀንሶለት በኬብሉ የሚወርደው 1355 ሜጋኸርዝ ነው። ሪሴት ሲደረግ ሜኑው ወደ 5150 ከዞረ፣ ያ ለትላልቆቹ ዲሾች ነው፣ ሪሲቨሩ ፈጽሞ በሌለ ቁጥር ላይ ይፈልጋል። "ዩኒቨርሳል" ወይም "9750/10600" ያድርጉት። ከ11700 በታች ያሉት ገብተው ከዚያ በላይ ያሉት እምቢ ካሉ "22 ኪሎኸርዝ" የሚለው መስመር "አውቶ" መሆኑን ይዩ። ሆሪዞንታሎቹ ብቻ ከጠፉ ደግሞ 18 ቮልቱ ላይ አልደረሰም ማለት ነው፤ ጫፍ ላይ ያለውን ኮኔክተር ነቅለው የዛገውን ኬብል ሁለት ሴንቲሜትር ይቁረጡትና እንደገና ይጠምዝዙት። ሪሲቨሩን ከሶኬት ሳይነቅሉ ግን ኮኔክተሩን አይንኩት፤ የመሐሉ ሽቦ ጠርዙን ከነካ የሪሲቨሩ ቫልቮላ ይቃጠላል።